በላስታ ተራሮች የዱር እንስሳትን ፎቶግራፍ ማንሳት፦ ካሜራው እንስሳውን ትቶ ሣሩን ሲያጠራ

በሰሜን ወሎ ዞን ከላሊበላ ከተማ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በጓሳ ሣር፣ በአስታና በጅብራ የተሸፈነው ይህ ውርጫማ ስፍራ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር የማይገኙትን ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ጨምሮ የበርካታ የዱር እንስሳትና አዕዋፍ መኖሪያ ነው።

ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ካሜራ ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነው። ይሁንና ከተራራው ይዘዋቸው ከሚወርዱት ፎቶግራፎች መካከል በብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት ይታያል። የሣሩ ዘለላ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ ጠርቶ ሲወጣ፣ ከሣሩ በስተጀርባ የቆመው እንስሳ ግን ደብዝዞ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከዓመታት በፊት ለዘገባ ሥራ ወደ ደጋው በወጣበት ወቅት ይኸው ደርሶበታል። ማለዳ ከጓሳው መካከል ብቅ ያለን ቀይ ቀበሮ ከ30 ጊዜ በላይ ካነሳ በኋላ፣ ማታ ፎቶግራፎቹን በኮምፒዩተር ሲመለከት ያገኘው እጅግ የጠራ የሣር ምስል ነበር። ቀበሮው ከሣሩ ጀርባ ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል። አዘጋጁ ጥፋቱን ለረጅም ጊዜ በሌንሱ ላይ ሲያላክክ ቆይቶ፣ ካሜራው የታዘዘውን በትክክል እንደፈጸመ የተረዳው ዘግይቶ ነው። የጎደለው ትእዛዙ ነበር።

ፎቶግራፉ ለግድግዳ ጌጥ ብቻ የሚውል ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። በወረዳና በዞን መሥሪያ ቤቶች ግን የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ከቱሪዝም መግለጫ በተጨማሪ ለሪፖርት አባሪነት ያገለግላል፤ አንድ እንስሳ በአንድ ቀበሌ መታየቱን የሚያሳይ ማስረጃም ነው። ቀይ ቀበሮ በመላ አገሪቱ ያለው የአዋቂ ቁጥር 500 ገደማ እንደሆነ የሚገመት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ተራሮች የሚኖር፣ በሰሜን ደግሞ በጥቂት ተራሮች ላይ በትንንሽ መንጋ ተወስኖ የቀረ እንስሳ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ያለ እንስሳ መታየቱን የሚያስረዳ ፎቶግራፍ ምንነቱ የማይለይ ከሆነ፣ ከሪፖርቱ ጋር ቢያያዝም ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

ካሜራ በራሱ ምስልን የሚያጠራበት ዘዴ፣ በተለምዶ አውቶ ፎከስ የሚባለው፣ ብዙ ዕድሜ ያለው አይደለም። ለብዙኃን ገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ራሱን የሚያጠራ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጃፓኑ ኮኒካ ሲሆን፣ ሌንሱ በሚቀያየር ካሜራ ላይ ዘዴውን በስፋት ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1985 የቀረበው ሚኖልታ 7000 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሌንሱን ቀለበት በእጃቸው እያዞሩ ያጠሩ ስለነበር፣ ሥራው አዝጋሚ ቢሆንም የሚጠራውን ነገር የሚመርጠው ሰው ነበር።

አሠራሩ በሁለት መንገድ ይከፈላል። አንደኛው በሌንሱ ሁለት ወገን የሚገባውን ብርሃን አነጻጽሮ ሌንሱ ወደየት አቅጣጫና ምን ያህል መንቀሳቀስ እንዳለበት በቅጽበት ያሰላል። ሁለተኛው የምስሉ ጠርዞች ጎልተው እስኪወጡ ድረስ ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ እየመለሰ ይሞክራል። ሁለቱም ታዲያ አንድ ነገር ይሻሉ፤ ብርሃንና ጥላ በግልጽ የሚለያዩበት ጠርዝ። ካሜራው ጠርዙ የቀበሮ ጆሮ ይሁን የሣር ዘለላ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በዚህ ላይ የማጥሪያ ነጥቦቹ ሁሉ ክፍት ሆነው ምርጫው ለካሜራው ሲተው፣ አብዛኞቹ ካሜራዎች ቅርብ ላለው ነገር ቅድሚያ ይሰጣሉ።

ይህ ልማድ በከተማ ችግር አያመጣም። በስብሰባ አዳራሽም ሆነ በምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ ለካሜራው ቅርብ የሆነው ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ሰው ነው። በላስታ ደጋ ግን ቅርብ ያለው ጓሳ ነው። የደረቀ ጓሳ ገለባማ ቀለም ከሥሩ ካለው ጥላ ጋር ተዳምሮ ካሜራ የሚወደውን ጠርዝ በብዛት ያቀርባል። የቀይ ቀበሮ ጎን በአንጻሩ አንድ ወጥ ቀይ ጠጉር ነው፤ የጭላዳም ፊት ጠቆር ያለ ስለሆነ ጠርዙ አይጎላም። ስለሆነም ካሜራው ሣሩን መምረጡ የሚያስገርም አይደለም።

መፍትሔው የሚጀምረው ምርጫውን ከካሜራው በመውሰድ ነው። በካሜራው ሜኑ ውስጥ ሁሉም ነጥቦች በአንድነት የሚሠሩበትን ሥርዓት ትቶ አንድ ነጥብ ብቻ እንዲሠራ ማዘዝ፣ ያንንም ነጥብ በእንስሳው ዓይን ላይ ማሳረፍ ይገባል። በቀድሞዎቹ ባለመስታወት ካሜራዎች ከነጥቦቹ ሁሉ ጠንካራው የመካከለኛው ስለሆነ፣ በጉምና በማለዳ ጨለማ በዚያው መጠቀም ይመረጣል። ነጥቡ ጠበብ ባለ መጠን በሁለት ዘለላዎች መካከል ባለ ክፍተት አልፎ እንስሳው ላይ የመድረስ ዕድል ይኖረዋል።

ዓይን ላይ ማነጣጠር ለምን እንዳስፈለገ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከሚጠራው ነጥብ ፊትና ኋላ ለዓይን የጠራ መስሎ የሚታየው ርቀት የጥራት ጥልቀት ይባላል። ሙሉ መጠን ያለው ካሜራ ላይ የተገጠመ 400 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳው በ5.6 ላይ ሆኖ 20 ሜትር ርቆ የተቀመጠን ጭላዳ ሲያነሳ የጥራት ጥልቀቱ ከ80 ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ርቀቱ ወደ 10 ሜትር ሲወርድ ጥልቀቱ ወደ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ያንሳል። ይህም ማለት ትከሻው ጠርቶ ፊቱ ሊደበዝዝ ይችላል። በተቃራኒው እንስሳው 50 ሜትር ላይ ሲሆን ጥልቀቱ 5 ሜትር ያህል ስለሚሆን ትንሽ ስሕተት ይታለፋል። ቀዳዳውን ወደ 8 ማጥበብ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ጥልቀቱን ወደ 30 ሳንቲሜትር ያሳድገዋል፤ የሚገባው ብርሃን ግን በግማሽ ይቀንሳል።

ጭላዳ በላስታና በመቄት ገደላማ ስፍራዎች በመንጋ የሚታይ፣ ቀኑን ሣር እየነጨ የሚውል፣ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ የሚያድር እንስሳ ነው። ሰው ሳይረብሸው በዝግታ ቢቀርበው ብዙም ስለማይሸሽ ለጀማሪ አመቺ ነው ይባላል። አዘጋጁ በዚህ አባባል ሙሉ በሙሉ አይስማማም። ቅርበቱ ራሱ የጥራት ጥልቀቱን ስለሚያሳጥረው ስሕተቱ በቀላሉ ይጋለጣል። የወንዱ ጭላዳ ጎፈር ረጅም ነው፤ የደጋው ነፋስ ሲነፍስ ጎፈሩ ከፊቱ ፊት ለፊት ይወድቃል። ካሜራው ጎፈሩን ያጠራና ዓይኑን ይተወዋል። በትንሹ የካሜራ መስኮት ላይ ሲታይ ፎቶግራፉ የተሳካ ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ተለቅ ተደርጎ ሲታይ ነው። ስለዚህ ከስፍራው ሳይነሡ ምስሉን በካሜራው ላይ አጉልቶ ዓይኑን መፈተሽ ግድ ነው።

መንጋው ብዙ ፊት የሚታይበት መሆኑ ሌላው አስቸጋሪ ነገር ነው። አንድ ወንድ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን በሚያሳይበት ቅጽበት፣ ከፊቱ ያለች ግልገል ካሜራውን ትወስደዋለች። ፎቶግራፍ አንሺው አስቀድሞ አንዱን እንስሳ መርጦ ነጥቡን በእርሱ ላይ ቢያቆይ ይሻለዋል። ሁለት እንስሳት አብረው እንዲጠሩ ከተፈለገ ከሁለቱም እኩል ወደሚርቅበት ቦታ መዛወር ያስፈልጋል፤ ቀዳዳ በማጥበብ ብቻ የሚፈታ አይደለም።

የገደሉ ጫፍም የራሱ ወጥመድ አለው። ጭላዳ ማለዳ ከገደሉ ወጥቶ ጫፉ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከጀርባው በብዙ መቶ ሜትር የሚቆጠር ባዶ ሸለቆ አለ። ነጥቡ ከእንስሳው ትከሻ በትንሹ ቢንሸራተት ካሜራው ማዶ ያለውን ተራራ ያጠራዋል። እንስሳው በዚህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ስለሚደበዝዝ ስሕተቱ ቢያንስ ወዲያው ይታወቃል።

ቀይ ቀበሮን ማንሳት የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀይ ቀበሮ በመንጋ የሚኖር ቢሆንም አደኑን የሚያካሂደው ብቻውን፣ በአብዛኛውም ቀን ለቀን ነው። አይጥ ያለበትን ጉድጓድ እያሸተተ ይሄዳል፤ ድንገት ቆሞ ጆሮውን ያቀናል፤ ከዚያ ይወረወራል። ቆሞ የሚያደምጥባት ያች ጥቂት ሴኮንድ ለፎቶግራፍ አንሺው ትልቋ ዕድል ናት። እየሄደ ሳለ መተኮስ ይቻላል፤ ነገር ግን ሣሩ በየእርምጃው በመካከል ስለሚገባ ከሚጠሩት የሚበላሹት ይበዛሉ።

በብዙ የፎቶግራፍ መማሪያዎች ላይ የዱር እንስሳ በዓይኑ ቁመት፣ በደረት ተኝቶ እንዲነሣ ይመከራል። ምክሩ ሣሩ አጭር በሆነበት ሜዳ ትክክል ነው። ጓሳው እስከ ጉልበት በሚደርስበት የአቡነ ዮሴፍ ተዳፋት ላይ ግን በደረት የተኛ ሰው ከሌንሱ ፊት የሚያገኘው ሣር ብቻ ነው። እዚህ የሚሻለው ተንበርክኮ ወይም ከእንስሳው በመጠኑ ከፍ ብሎ ባለ ተዳፋት ላይ ተቀምጦ ወደታች ማየት ነው። በዚህ አቀማመጥ እንስሳውን ከሌንሱ የሚለየው ሣር ይቀንሳል።

ካሜራው ደጋግሞ ሣሩን ከመረጠ፣ በርካታ ሌንሶች አውቶ ፎከሱ ሳይጠፋ ቀለበቱን በእጅ ለማስተካከል ይፈቅዳሉ። በግምት ወደ እንስሳው ርቀት በእጅ አቅርቦ ከዚያ ለካሜራው መተው ጠቃሚ ዘዴ ነው። በረጃጅም ሌንሶች ጎን ላይ ያለው የርቀት ገደብ ማብሪያም ካሜራው ቅርብ ያለውን ጨርሶ እንዳይፈልግ ያደርጋል፤ ማብሪያው ሳይነካ ዓመታት የሚያልፉበት ሌንስ ብዙ ነው።

ከዚሁ ጋር የማጥሪያውን ሥራ ከመተኮሻው ቁልፍ ነጥሎ ከካሜራው ጀርባ ላለው ቁልፍ መስጠት በዱር እንስሳት አንሺዎች ዘንድ የተለመደ ነው። አውራ ጣት ሲጫን ካሜራው ያጠራል፤ ጣቱ ሲነሣ ርቀቱ ባለበት ይቆያል። ቀበሮው ቆሞ ሳለ ዓይኑ ላይ አጥርቶ ጣትን ማንሳትና ሣሩ በነፋስ ሲወዛወዝ ሳይጨነቁ መተኮስ ይቻላል። ቀበሮው መሄድ ሲጀምር ደግሞ ጣቱን ተጭኖ መያዝ በቂ ነው። ለዚህ ካሜራው ተከታታይ ማጥራት ላይ መሆን ይኖርበታል። ይህን ሥርዓት ካኖን ኤአይ ሰርቮ ሲለው፣ ኒኮን ኤኤፍ ሲ ይለዋል።

በዚያው በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ መንዝ ጓሳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 ለኅትመት የበቃ ጥናት ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ነገር አሳይቷል። ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መካከል ሆነው አይጥ ሲያድኑ ከሙከራቸው 67 በመቶው ሲሳካ፣ ከመንጋው ውጭ ሆነው ሲያድኑ ግን የተሳካው 25 በመቶው ብቻ ነበር። ጭላዳዎቹም ቀበሮው በመካከላቸው ሲመላለስ አይሸሹም። ሁለቱ ብርቅዬ እንስሳት በአንድ ምስል ውስጥ የሚገቡበት አጋጣሚ ይህ ነው፤ ርቀታቸው ግን አንድ አይሆንም። የፎቶግራፉ ጉዳይ ቀበሮው ነው ወይስ መንጋው የሚለውን አንሺው ከመተኮሱ በፊት ካልወሰነ ካሜራው ይወስንለታል፤ ውሳኔውም አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ላለው ጭላዳ ነው።

የቀይ ቀበሮ ፎቶግራፍ መጥራት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለመለየት ነው። በአቡነ ዮሴፍ አካባቢ ተራው ቀበሮም ይገኛል፤ የእረኞች ውሾችም ወደ ደጋው ይወጣሉ። የቀይ ቀበሮ መለያዎች ረጅምና ቀጭን አፉ፣ ቀላ ያለው ጠጉሩ፣ በጉሮሮውና በደረቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት፣ ረጃጅም እግሮቹ፣ እንዲሁም ሥሩ ነጣ ብሎ ጫፉ የጠቆረው ጭራው ናቸው። ተራው ቀበሮ ግራጫና አሸዋማ ቀለም ያለው፣ እግሩም አጠር ያለ ነው። ምስሉ ሲደበዝዝ ነጩና ቀዩ ተደባልቀው ሁሉም እንስሳ ቡናማ ይሆናል። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር መዳቀሉ ተመዝግቧል፤ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታም በዚያው በባሌ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በተደጋጋሚ ተከስቶ ብዙ ቀበሮዎችን ገድሏል። በደጋው ላይ የታየው ውሻ ነው ወይስ ቀይ ቀበሮ የሚለው ጥያቄ ለጥበቃ ሠራተኛው ዕለታዊ ጥያቄ ነው።

ስለ አዕዋፍ ባጭሩ መግለጽ ይቻላል። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ግንብና ገደል ላይ የሚያርፈው ባለ ነጭ ምንቃሩ ጥቁር ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም። ወፉ ጥቁር በመሆኑ ጠርዝ የሚገኘው በምንቃሩ ላይ ነው፤ ነጥቡም እዚያው ማረፍ አለበት። አጥንት ከከፍታ እየጣለ የሚሰብረው ጢማሙ ትልቅ አሞራ ክንፉን ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ሊደርስ ይችላል። ሰማይ ላይ ሳለ ከበስተጀርባው ምንም ስለሌለ በርካታ ነጥቦችን ከፍቶ መከታተል ይቀላል። በገደል ፊት ሲያልፍ ግን ካሜራው ወደ ድንጋዩ ይዘላል። በሜኑው ውስጥ ካሜራው ወደ አዲስ ነገር የሚዘልበትን ፍጥነት መቀነስ፣ ነጥቦቹንም ወደ ጥቂት መመለስ ይረዳል። አሞራው በገደሉ ጫፍ በአንድ መስመር ተመላልሶ የማለፍ ልማድ ስላለው፣ የመጀመሪያው ዙር ቢያመልጥ ከቦታ ሳይነሡ መጠበቅ ነው።

በቅርብ ዓመታት የወጡ ካሜራዎች ይህን ሁሉ ያቃልላሉ ተብሎ ይነገራል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2019 የእንስሳን ዓይን ለይቶ የሚያጠራ አሠራር ያቀረበ ሲሆን፣ ካኖንና ኒኮን ደግሞ በ2020 በአዳዲስ ካሜራዎቻቸው ላይ ተመሳሳዩን አቅርበዋል። ለውጡ እውነተኛ ነው። ሆኖም ከእነዚህ አሠራሮች ቀዳሚዎቹ የተዘጋጁት በተለይ ለውሻ፣ ለድመትና ለወፍ ነበር። ካሜራው ዓይን ለማግኘት ዓይኑ መታየት አለበት፤ ጓሳው ፊቱን ሲሸፍነው ወደ ቀድሞው ልማዱ ይመለሳል። በመንጋ መካከልም የአንዱን ዓይን ያገኛል እንጂ የተፈለገውን አያውቅም።

ያልጠራ ፎቶግራፍ ሁሉ ጥፋቱ የማጥራት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በምስሉ ውስጥ ሌላ የጠራ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ሣሩ፣ ነጥቡ ስቷል ማለት ነው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ እጅ ተንቀሳቅሷል፤ በ400 ሚሊሜትር ሌንስ ቢያንስ በሴኮንድ አንድ አምስት መቶኛ፣ ለሚሮጥ እንስሳ አንድ ሺኛ ፍጥነት ያስፈልጋል። መሬቱ ጠርቶ እንስሳው ብቻ ከተጎተተ እንስሳው ተንቀሳቅሷል። ሁሉም በእኩል የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ በእኩለ ቀን ከሞቀው መሬት የሚነሣው አየር ነው፤ ይህን የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም፤ ማለዳ መመለስ ይሻላል። ማለዳው ብርድ ስለሆነ ተለዋጭ ባትሪ በውስጥ ኪስ መያዝ እንዳይዘነጋ።

ካሜራ የሌለው ሠራተኛ በእጅ ስልኩ ይጠቀማል። በስልኩ መስታወት ላይ እንስሳውን በጣት ነክቶ ጣትን በማቆየት ርቀቱን መቆለፍ በብዙ ስልኮች ይቻላል። በጣት እየሳቡ ማጉላት ግን ምስሉን ያጎድላል። የስልኩን ሌንስ በአቅርቦ ማያ መነጽር ላይ ደግፎ ማንሳት ለመለየት የሚበቃ ምስል የሚያስገኝበት ጊዜ አለ።

ፎቶግራፉ ለመዝገብ የሚቀመጥ ከሆነ የካሜራው ሰዓትና ቀን አስቀድሞ ይፈተሽ። ካሜራዎች የሚቆጥሩት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን ሰዓቱም ከእኛ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ይለያል። በሪፖርት ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ካልተገለጸ የአንድ ቀን ዕይታ እንደ ሁለት የተለያዩ ዕይታዎች ሊመዘገብ ይችላል። ስልኮችና አንዳንድ ካሜራዎች የቦታውን መገኛም በፋይሉ ውስጥ ስለሚያስቀምጡ፣ ቀይ ቀበሮ ግልገሎቹን የሚያሳድግበት ጉድጓድ በተነሣበት ፋይል ላይ መገኛው ሳይጠፋ ለሕዝብ መለጠፍ አይገባም። ግልገሎቹ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሚወለዱ በእነዚህ ወራት ወደ ጉድጓዱ መቅረብ ጨርሶ አይመከርም። ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው ከአካባቢው ጠባቂ ጋር መሄድ፣ የአካባቢውንም ጸጥታ አስቀድሞ ከወረዳው መጠየቅ ይኖርበታል።

ያልጠራውም ፎቶግራፍ ከመዝገብ ወዲያው አይሰረዝ። ቀኑና ቦታው እስካለበት ድረስ አንድ እንስሳ በዚያ ስፍራ መታየቱን ይጠቁማል። ከሥሩ የሚጻፈው መግለጫ ግን ከምስሉ በላይ እንዳይናገር ያስፈልጋል፤ መለያዎቹ ካልታዩ «ቀይ ቀበሮ» ተብሎ ሳይሆን «ቀበሮ መሰል እንስሳ፣ ምንነቱ ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይመዝገብ።